የቆየች መኪና ዳሽቦርድና የኤሌክትሪክ ሽቦ እድሳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዓለም ገና እስከ ሰበታ፣ ከቡራዩ እስከ ለገጣፎ በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ግቢዎች ሸራ ለብሰው የቆሙ ቮልስዋገኖች፣ ፊያቶች፣ ፔጆዎችና ላንድሮቨሮች ጥቂት አይደሉም። የብዙዎቹ ሞተር ትንሽ ከተንከባከቡት ይነሣል። ባለቤቱን ተስፋ የሚያስቆርጠው ከዳሽቦርዱ ኋላ ያለው ነው፤ የተቆራረጠ ሽቦ፣ ናስትሮ የተጠመጠመበት ቅጥያ፣ የት እንደሚደርስ የማይታወቅ ቀይ ገመድ። ከዚህ በታች ያሉት ባለቤቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ናቸው። የመኪና ሞዴልን የሚያመለክቱ ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከዳሽቦርዱ ልጀምር ወይስ ከሽቦው?

ከምዝገባው ይጀምሩ፤ ማለትም እያንዳንዱ ሽቦ እንዴት እንደታሰረ ፎቶ አንሥቶ ከመጻፍ። ቀጥሎ መፍታት፣ ከዚያ የብረቱና የቀለሙ ሥራ፣ ከዚያ ሽቦው፣ በመጨረሻ መለኪያዎቹና ጌጡ ይመጣሉ። ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን የሚያዛባው ዓይን የሚያርፈው ዳሽቦርዱ ላይ ስለሆነ ነው። ዳሽቦርዱ አዲስ ቆዳ ይለብሳል፣ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ መኪናዋ ለሰርግ ትወጣለች። ከወር በኋላ አንድ ሽቦ ይነካካና ያ ሁሉ ያማረ ሥራ እንደገና ይፈታል። ሲፈታ ደግሞ አዲሱ ቆዳ ይቀደዳል። ሽቦው ከቀለሙ በፊት ቢገባም አይሆንም፤ የቀለም ብናኝ ማያያዣዎቹ ውስጥ ገብቶ ንክኪውን ይዘጋል።

ሽቦውን በሙሉ መቀየር አለብኝ? የተበላሸውን ብቻ ብጠግንስ?

የሚወስነው የሽቦው ልባስ ነው። ከዳሽቦርዱ ሥር አንድ ሽቦ ይያዙና በጣትዎ ቀስ ብለው አጠፍ ያድርጉት። ልባሱ ከተለጠጠ ሽቦው ገና በሕይወት አለ። ከተሰነጠቀ ወይም እንደ ደረቅ ቅጠል ከረገፈ ግን የአንዱን ቦታ መጠገን ትርጉም የለውም፤ ነገ ሌላው ቦታ ይረግፋል። በተለይ በጨርቅ ወይም በጎማ የተለበጡት የ1950ዎቹ ሽቦዎች በአብዛኛው እዚህ ደረጃ ደርሰዋል።

ልባሱ ደህና ሆኖ ጫፎቹ ብቻ ከጠቆሩ እኔ የፋብሪካውን ሽቦ ማቆየት እመርጣለሁ። ጫፉን ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ይቁረጡት። የሚታየው መዳብ ቀይና ንጹሕ ከሆነ አዲስ ማያያዣ ይግጠሙለት። መዳቡ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ወደ ውስጥ ከዘለቀ ያንን ሽቦ በሙሉ ይቀይሩት። የጠቆረ መዳብ ሊድም አይዝም፣ ፍሰትንም በሚገባ አያሳልፍም።

በየዘመኑ የገቡ ቅጥያዎችን ግን ያለ ርኅራኄ ያውጡ። የድሮ ሬዲዮ ትርፍ፣ የማስጠንቀቂያ ደወል ትርፍ፣ ማብሪያው ሲበላሽ በቀጥታ የተሳበ የፊት መብራት ሽቦ፤ እሳት የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ከነዚህ እንጂ ከፋብሪካው ሽቦ አይደለም።

ከመቁረጤ በፊት ምን መመዝገብ አለብኝ?

ሁሉንም። ይህን ጥያቄ በሰፊው የምመልሰው ሥራው የሚቃናውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። አሮጌው ሽቦ ምንም ያህል ቢበሰብስ የመኪናዋ ብቸኛ እውነተኛ ካርታ እሱ ነው። ከመጽሐፍ የሚገኘው ንድፍ የሞዴሉን እንጂ የእርስዎን መኪና አያሳይም፤ ንድፉ ከተሣለ በኋላ በዚህች መኪና ላይ ሃምሳ ዓመት የሰው እጅ አልፎበታል።

በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ በመጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ ከቅርብ። እያንዳንዱን ሽቦ ከመንቀልዎ በፊት ወረቀት ቢጤ ይሰሩበትና ከየት ወደ የት እንደሚሄድ፣ በየትኛው ቁጥር ላይ እንደታሰረ ይጻፉበት። እስክሪብቶ በዘይት እጅ ይጠፋል፤ እርሳስ ይሻላል። የሽቦውን እሥር ከመኪናዋ ሲያወጡ በአንድ ቁራጭ ያውጡት። አዲሱን በላዩ ላይ አስተኝተው ርዝመቱንና መታጠፊያውን የሚለኩበት ሰሌዳ ላይ በምስማር ይወጥሩት።

ቁጥሮቹን ማወቅ ሥራውን በግማሽ ያቀለዋል። በጀርመን መኪኖች ማብሪያዎችና ሪሌዎች (በትንሽ ፍሰት ትልቁን ፍሰት የሚያበሩና የሚያጠፉ ማብሪያዎች) ላይ የተቀረጹት ቁጥሮች ትርጉም ቋሚ ነው። 30 ከባትሪ ሁልጊዜ ኃይል ያለው፣ 15 ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል የሚያገኘው፣ 31 ወደ ቦዲ (የመኪናዋ ብረት አካል) የሚመለሰው ኔጌቲቭ፣ 50 ሞተሩን ወደሚያስነሣው ሞተሪኖ የሚሄደው ነው። 56a ረጅም መብራት፣ 56b አጭር መብራት፣ 58 የፓርኪንግና የመለኪያ መብራት፣ 61 የዲናሞ ማስጠንቀቂያ መብራት ነው። በቀለምም ቡናማ ወደ ቦዲ፣ ቀይ ከባትሪ፣ ጥቁር ከቁልፉ ነው።

የእንግሊዝ መኪኖች ግን ሌላ ሥርዓት አላቸው፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። በላንድሮቨር ቡናማው ሽቦ ወደ ቦዲ የሚመለስ ሳይሆን በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ፣ ሁልጊዜ ኃይል ያለው ነው። ወደ ቦዲ የሚሄደው ጥቁሩ ነው። ነጭ ከቁልፍ፣ አረንጓዴ ከቁልፍ በፊውዝ አልፎ፣ ቀይ የፓርኪንግ፣ ሰማያዊ የፊት መብራት ነው። ቮልስዋገን ሲሠራ የኖረ ባለሙያ በልማድ የላንድሮቨርን ቡናማ ከቦዲው ጋር ቢያስር ምን እንደሚፈጠር መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ ቀለምን ለጥርጣሬ ይጠቀሙበት፣ የመጨረሻው ማረጋገጫ ግን ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ) ይሁን።

መኪናዬ 6 ቮልት ናት። ወደ 12 ልቀይራት?

ለእይታና ለሳምንት መጨረሻ ብቻ የምትወጣ ከሆነ ባለችበት ይተዋት። 6 ቮልት በትክክል ሲታሰር ይሠራል። ስሙ የጠፋው በዛገ ንክኪ ምክንያት ነው። በ6 ቮልት ላይ ለተመሳሳይ ብርሃን እጥፍ አምፔር ያስፈልጋል፤ 45 ዋት አምፖል በ12 ቮልት ከ4 አምፔር በታች ሲወስድ በ6 ቮልት 7.5 አምፔር ይወስዳል። ስለዚህ ትንሽ ዝገት እንኳን መብራቱን ያደበዝዘዋል።

በየቀኑ የምትነዳ፣ ማታ ከከተማ ወጥታ የምትመለስ መኪና ከሆነች ግን መቀየሩን እደግፋለሁ። 6 ቮልት አምፖልና ባትሪ ማግኘት አድካሚ ነው። ቮልስዋገን ራሱ ከ1967 ሞዴል ጀምሮ እንደየገበያው ወደ 12 ቮልት ተሻግሯል። ሽቦው ራሱ ብዙ ጊዜ መቀየር አያስፈልገውም፤ ለ6 ቮልት የተመረጠው ወፍራም ሽቦ ለ12 ከበቂ በላይ ነው። የሚቀየሩት አምፖሎቹ በሙሉ፣ ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልት የሚፈጥረው ቦቢና፣ ዲናሞውና መቆጣጠሪያው፣ የፍሬቻው ሪሌ፣ ክላክሱ፣ የዝናብ መጥረጊያው ሞተር፣ በካርቡሬተሩ ላይ ያሉት የኤሌክትሪክ ክፍሎች ናቸው። አንዱን ከረሱ እሱ ይቃጠላል። በቮልስዋገን ሞተሪኖ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፦ የ6 ቮልቱ ፍላይዊል (ሞተሪኖው የሚያዞረው ጥርሳማ ጎማ) 109 ጥርስ፣ የ12ቱ 130 ጥርስ አላቸው። ስለዚህ የ12 ቮልት ሞተሪኖ ገዝቶ በአሮጌው ፍላይዊል ላይ መግጠም አይቻልም።

የባትሪው ፖዚቲቭ ከቦዲው ጋር ታስሯል። አንድ ሰው ያበላሸው ነው?

ላይሆን ይችላል። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩ ብዙ የእንግሊዝ መኪኖች፣ የቆዩት ላንድሮቨሮችም ጭምር፣ ከፋብሪካ ሲወጡ ፖዚቲቩ ከቦዲ ጋር የታሰረ ነበር። ባትሪውን ከማገላበጥዎ በፊት ይህን ያረጋግጡ። በዘመኑ ያልነበረ ዕቃ፣ ለምሳሌ ዘመናዊ ሬዲዮ ወይም የስልክ ቻርጀር፣ በዚህች መኪና ላይ እንዲሁ ከታሰረ ወዲያው ይቃጠላል።

ምን ዓይነት ሽቦ ልግዛ? ከየትስ?

የቤት ሽቦ አይግዙ። ይህን ደጋግሜ የምለው ከምከፍታቸው ዳሽቦርዶች በብዙዎቹ ውስጥ ስለማገኘው ነው። ለግድግዳ የተሠራው ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ የተሠራው እንዳይንቀሳቀስ ነው። የመኪና ንዝረት ደጋግሞ ሲያጥፈው ልባሱ ውስጥ እንዳለ ይሰበራል፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ጤነኛ ነው። እንዲህ ያለ ሽቦ የሚያመጣው ብልሽት መኪናዋ ስትቆም ጠፍቶ ኮረኮንች ላይ ስትወጣ የሚመለስ ስለሆነ ለማግኘት ቀናት ይፈጃል። የሚያስፈልገው ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት የመኪና ሽቦ ነው።

በመርካቶ፣ በተለይ በሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቆች፣ የመኪና ሽቦ በሜትርም በጥቅልም ይገኛል። ከመክፈልዎ በፊት የአንዱን ጫፍ ይላጡና ክሮቹን በምላጭ ፋቅ ያድርጉ። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ይመልሱት። አሉሚኒየም በተመሳሳይ ውፍረት ከመዳብ ያነሰ ፍሰት ይሸከማል፣ በቀላሉ ይሰበራል፣ እርጥበት ሲነካውም ማያያዣው ውስጥ ይበላሻል። አሮጌ ማብሪያ፣ የመለኪያ ብርጭቆ ወይም የመብራት ማቀፊያ ለሚፈልግ ደግሞ ምናለሽ ተራን መዞር ጊዜን ማባከን አይደለም። ሌላ ቦታ የማይገኝ ቁራጭ እዚያ ይገኛል።

ውፍረቱን በተመለከተ በ12 ቮልት ለመለኪያና ለማስጠንቀቂያ መብራቶች 0.75 ወይም 1 ስኩዌር ሚሊሜትር ይበቃል። ለእያንዳንዱ የፊት መብራት 1.5፣ ለሁለቱ የጋራ መነሻ 2.5 ይሁን። ከዲናሞ የሚመጣው ዋናው ሽቦ 4 ወይም 6 ይሁን፣ እንደ ዲናሞው ጉልበት። ከባትሪ ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ወፍራም ኬብል ከ16 አይነስ፤ ለ6 ቮልት ከዚያም ይበልጥ ይወፍራል። ቢቻል የፋብሪካውን ቀለሞች ይከተሉ። ሁሉንም ቀለም ማግኘት ካልተቻለ በየጫፉ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት ያድርጉ። መኪናዋን በሙሉ በአንድ ጥቅል ቀይ ሽቦ ማሰር ግን ከእርስዎ በኋላ ለሚመጣው ባለሙያ ትልቅ በደል ነው።

ቅጥያውን በሊድ ልበይድ ወይስ ማያያዣውን በፒንሳ ላጣብቅ?

በጫፍ ላይ ማያያዣ በትክክለኛው መጭመቂያ ፒንሳ ቢጨመቅ ይሻላል። ሊድ ሽቦው ውስጥ ሲሰርግ ያንን ክፍል ደረቅ ያደርገዋል፤ ሽቦው በንዝረት የሚሰበረውም ሊዱ በሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። መሃል ላይ መቀጠል ግድ ከሆነ ግን መበየድ ጥሩ ነው። ቅጥያው እንዳይታጠፍ ከእሥሩ ጋር አጥብቀው ይሰሩት፣ በሙቀት የሚኮማተር ላስቲክም ያልብሱት። ለቆርቆሮ ብየዳ የሚሆነውን አሲድ ለሽቦ በፍጹም አይጠቀሙ፤ ሥራው ካለቀ በኋላም መዳቡን መብላቱን ይቀጥላል። በሊዱ ውስጥ ያለው ሙጫ ይበቃል።

በእኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ካውያው መሃል ላይ ይቀዘቅዛል፤ በግማሽ የቀለጠ ብየዳ ደግሞ የያዘ መስሎ ያታልላል። መብራት ሲመለስ ያንን ቦታ እንደገና ያቅልጡት።

ተራ ናስትሮ ለመላው እሥር አይሆንም። ከሙቀት ጋር ሙጫው ይቀልጥና ሁሉን ያጨማልቃል። ሙጫ የሌለው የሽቦ መጠቅለያ ወይም የጨርቅ ጥቅል ይፈልጉ።

መብራቶቹ ደብዛዛ ናቸው፤ ፍሬቻ ሳበራ ደግሞ ሌላው መብራት አብሮ ብልጭ ይላል። ምንድን ነው?

ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ማሳው ነው፤ ማለትም ፍሰቱ ከመብራቱ ተነሥቶ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪ የሚመለስበት መንገድ። ባለቤቶች አዲስ አምፖል፣ አዲስ ባትሪ፣ አልፎ ተርፎም አዲስ ዲናሞ ይገዛሉ። ችግሩ ግን አንዲት የዛገች ብሎን ናት። አንድ መብራት መመለሻ ሲያጣ ፍሰቱ በሌላው መብራት ክር በኩል ዞሮ ይመለሳል። ፍሬቻ ሲበራ ፓርኪንግ ብልጭ የሚለው፣ ፍሬን ሲረገጥ የመለኪያ መብራት የሚደበዝዘው ለዚህ ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። መብራቱ በርቶ ሳለ ቴስተሩን ቮልት ላይ ያድርጉ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን የመብራቱ ብረት አካል ላይ ያስነኩ። ከ0.2 ቮልት በታች ከሆነ መመለሻው ደህና ነው። ግማሽ ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ጥፋቱን አግኝተዋል። ግማሽ ቮልት ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የአምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ በጣም ፈጥኖ ይወርዳል። ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

የማሳውን ብሎን ይፍቱ፣ ሥሩን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ይፋቁ፣ አዲስ ማያያዣ ከነጥርሳማ ቀለበቱ ይግጠሙ፣ ካጠበቁ በኋላ ከላይ ግሪስ ይቀቡት። አዲስ ቀለም የተቀባች መኪና በተለይ በዚህ ትሠቃያለች። ቀለም ቀቢው በቅንነት ሁሉንም ነገር ስለሚቀባ የማሳ ቦታዎቹንም ይሸፍናቸዋል። ከመቀባቱ በፊት በወረቀት ቴፕ ይሸፍኑለት፣ አለዚያ ከተቀባ በኋላ ይፋቁ። ከሞተሩ ወይም ከካምቢዮው ወደ ቦዲ የሚሄደውን ጠፍጣፋ የተጎነጎነ ማሰሪያም አይርሱ። እሱ ሲበጠስ የሞተሪኖው ፍሰት በፍሪሲዮን ወይም በቤንዚን መስጫ ገመድ በኩል ለመመለስ ይሞክራል፤ ገመዱም ይግላል።

ፊውዝ እየደጋገመ ይቃጠላል። ከፍ ያለ ባስገባበትስ?

አይሆንም። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ከሽቦው በላይ የሚችል ፊውዝ ከገባ መጀመሪያ የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል። በቮልስዋገን የሚገኙት ባለ ነጭ አካል ፊውዞች 8 አምፔር፣ ቀዮቹ 16 አምፔር ናቸው። የሲጋራ ብርማ ወረቀት የተጠመጠመበት ፊውዝ ካገኙ ወዲያውኑ ያውጡት።

ብዙዎች የማያውቁት ነገር ደግሞ አለ። በብዙ የቆዩ መኪኖች ከባትሪ ወደ ቁልፉና ወደ መብራት ማብሪያው የሚሄደው ዋና ሽቦ ፊውዝ የለውም። በቮልስዋገን ላይ ይህ ሽቦ መኪናዋን ከኋላ እስከ ፊት ያቋርጣል፤ ከዳሽቦርዱ ፊት ደግሞ የቤንዚን ታንኩ ተቀምጧል። ስለዚህ ለባትሪው ቅርብ በሆነ ቦታ አንድ ዋና ፊውዝ መጨመርን እንደ ግዴታ እቆጥረዋለሁ። የሞተሪኖው ወፍራም ኬብል ብቻ ከዚህ ውጭ ይሁን። የፋብሪካነት መልኩ ይቀየራል ብለው የሚያዝኑ አሉ፤ ተሸፍኖ ሊቀመጥ ስለሚችል አይታይም። በዚያው በቮልስዋገን ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር መሆኑን ያስቡ፤ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ስፕሪንግ የባትሪውን ራስ ከነካ እሳት ይነሣል። የባትሪ ራሶቹ ክዳን ሊኖራቸው ይገባል።

የነዳጅና የሙቀት መለኪያዎቼ ሁለቱም ከልክ በላይ ያሳያሉ። ሁለቱም ተበላሹ?

ሁለቱ በአንድ ላይ ከሳቱ መለኪያዎቹን አይንኩ። በብዙ የዚያ ዘመን መኪኖች፣ በተለይ በእንግሊዞቹ፣ ከዳሽቦርዱ ኋላ መለኪያዎቹን በአማካይ 10 ቮልት የሚመግብ ትንሽ ማረጋጊያ አለ። እሱ ሲበላሽ ወይም የቦዲ ንክኪውን ሲያጣ ሁለቱም ወደ ላይ ይወጣሉ።

የነዳጁ ብቻ ከሆነ በታንኩ ላይ ያለውን ሽቦ ይንቀሉና ለቅጽበት ቦዲ ያስነኩት። መርፌው ከዳር ወደ ዳር ከሄደ መለኪያውና ሽቦው ጤነኞች ናቸው፤ የተበላሸው ታንኩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ነው። ታንኩ ክፍት ሆኖ ወይም የቤንዚን ሽታ እያለ ይህን አይሞክሩ፤ ትንሿ ብልጭታ ትበቃለች። የ1961 እና ከዚያ በፊት የሆነ ቮልስዋገን ያለዎት ሰው ደግሞ መለኪያ ጠፋ ብለው አይፈልጉ፤ ከመጀመሪያውም አልነበረውም። በመጠባበቂያ ቤንዚን መክፈቻ ነበር የሚሠራው።

ቀይዋ የዲናሞ መብራት እየነዳሁ በራች። ቤት እስክደርስ ልንዳ?

በቮልስዋገን፦ አይንዱ፣ ወዲያው ያቁሙ። ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ዲናሞውና ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን በአንድ ዘንግ ላይ ስለሆኑ ቺንጋው ከሄደ ማቀዝቀዣውም ሄዷል። ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሞተሩን ለማቃጠል ይበቃሉ። በውሃ በሚቀዘቅዙት ብዙ መኪኖችም ያው ቺንጋ የውሃ ፓምፑን ስለሚያዞር ቆሞ ማየት ይገባል። ስለዚህ ዳሽቦርዱ ሲታደስ ይህች መብራት ቁልፍ ሲዞር የምትበራ፣ ሞተር ሲነሣ የምትጠፋ መሆኗን ሳያረጋግጡ ሥራው አልቋል አይበሉ።

የፍጥነት መለኪያው መርፌ ይንቀጠቀጣል።

ገመዱ ደርቋል ወይም የሆነ ቦታ በጣም ታጥፏል። ውስጡን ስበው ያውጡት፣ በናፍጣ ያጥቡት፣ ያድርቁት፣ በቀጭኑ ግሪስ ቀብተው ይመልሱት። ወደ መለኪያው የሚገባውን የመጨረሻ አንድ ስንዝር ግን ደረቅ ይተዉት። ግሪስ ወደ ላይ ከወጣ መርፌው በፍጥነት ልክ ሳይሆን በግሪሱ ይጎተታል።

መለኪያውን ራሱን ሲከፍቱ ፊቱ ላይ ያሉትን ፊደላትና ቁጥሮች በአልኮል፣ በቤንዚን ወይም በቲነር አይንኩ። ቀለሙ በአንድ ጠረጋ ይነሣል፤ የተነሣ ቁጥር ደግሞ በእጅ ቢጻፍ ምን ጊዜም ያስታውቃል። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ በቂ ነው። የተጓዘችውን ኪሎ ሜትር ቁጥርም አይንኩ፤ የመኪናዋ ታሪክ ነው።

የቆየ የጦር ሠራዊት ጂፕ አለኝ። የመለኪያዎቹ ቁጥሮች በጨለማ ያበሩ ነበር ይባላል።

እንግዲያው አይክፈቷቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በነበሩ ጂፖች መለኪያዎች ላይ ራዲየም ያለበት ቀለም ጥቅም ላይ ውሏል። ቀለሙ ዛሬ ባያበራም ራዲየሙ አላለቀም። ብርጭቆው እንደተዘጋ እስከቆየ ድረስ ችግሩ አነስተኛ ነው፤ ተፍቆ ብናኙ ወደ ሳንባ ሲገባ ግን አደገኛ ነው።

ዳሽቦርዱ ተሰነጣጥቋል። እንዴት ይታደሳል?

አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ የፀሐይ ጨረር ብርቱ ነው፤ ውጭ የምትቆም መኪና ዳሽቦርድ በቀን ሲግልና ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ዳሽቦርዱ ከምን እንደተሠራ ሥራውን ይለየዋል። እንደ ቀደምት ቮልስዋገኖች ቀለም የተቀባ ብረት ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ መለኪያዎቹን አውጥቶ፣ ዝገቱን ፍቆ፣ ስቱኮውን በጣም አሳስቶ፣ መቀባት ነው። የቀለሙን ምንጭ ፀሐይ ካልነካው ቦታ፣ ለምሳሌ ከመለኪያው ሥር ወይም ከዕቃ መያዣው በር ውስጠኛ ገጽ ይውሰዱ። ፊት ለፊት የሚታየው ቀለም ለዓመታት የደበዘዘ ስለሆነ በእሱ ልክ ከተቀባ ትክክለኛውን ቀለም አያገኙም።

በስፖንጅ የተሞላ ፕላስቲክ ልባስ ያለው ከሆነ ስንጥቁን በስቱኮ መሙላት አያዋጣም። ስቱኮ ደረቅ ነው፤ ልባሱ በሙቀት ሲለጠጥ ስቱኮው ይለቃል፣ በመጀመሪያው በጋ ስንጥቁ ሰፍቶ ይመለሳል። ትናንሽ ስንጥቆች በሚለጠጥ መሙያ ይያዛሉ። ስንጥቁ ከበዛ ግን አሮጌውን ልባስ ገፎ፣ የፈረሰውን ስፖንጅ ሞልቶና አስተካክሎ፣ በአዲስ ቆዳ ማልበስ ነው ትክክሉ። የመኪና ወንበር የሚያለብሱ ባለሙያዎቻችን ይህን በሚገባ ይችሉታል፤ አገሩ የቆዳ አገር ነው። ቀጭን ቆዳ ይምረጡ፣ ስፌቱም የፋብሪካው መስመር በነበረበት ይሁን። የመለኪያዎቹን ቀዳዳ ቆዳው ከተለጠፈ በኋላ እንጂ አስቀድመው አይቁረጡ።

የእንጨት ዳሽቦርድ ካለዎት ለእንጨት ባለሙያ እንጂ ለቀለም ቀቢ አይስጡት።

ዘመናዊ ሬዲዮና ኤልኢዲ አምፖሎች ብጨምርስ?

ሬዲዮው የራሱ ፊውዝ ይኑረው፤ ለእሱ ሲባል የብረቱ ዳሽቦርድ በመጋዝ እንዲቆረጥ ግን አልስማማም። የተቆረጠ ዳሽቦርድ አይመለስም። በዕቃ መያዣው ውስጥ ወይም በወንበር ሥር ይቀመጥ። ኤልኢዲ ለመለኪያ መብራት ጥሩ ነው፤ አይግልም፣ ፕላስቲኩን አያቀልጥም። ለፍሬቻ ከገባ የድሮው ሪሌ የሚሠራው በአምፖሉ ጭነት ስለሆነ ብልጭታው ይዛባል። ለዲናሞ ማስጠንቀቂያ መብራት ደግሞ የፋብሪካውን ዓይነት አምፖል ይተዉ፤ በተለይ በዲናሞ ፋንታ ኦልተርኔተር (ዘመናዊው ኃይል አመንጪ) በተገጠመላቸው ላይ በዚያች አምፖል የሚያልፈው ፍሰት ነው ማመንጨቱን የሚያስጀምረው።

የፊት መብራት በ60/55 ዋት ሃሎጅን ከተቀየረ ሪሌ የግድ ነው። ያለ ሪሌ ሁሉም ፍሰት በአሮጌው ማብሪያ ውስጥ ያልፋል፤ የማይገኘውም ዕቃ ያ ማብሪያ ነው።

ሽቦው ከታደሰ በኋላ አይጥ በላብኝ። ክረምትስ እንዴት ላሳልፍ?

ዳርቻ ላይ ከሣርና ከእህል መጋዘን አጠገብ ለምትቆም መኪና አይጥ ከዝገት የማይተናነስ ጠላት ነው። ሽቦው ወደ ውስጥ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች በሙሉ በጎማ ይዝጉ፤ ጎማው ሽቦውን ከብረቱ ስለት ጭምር ይጠብቀዋል። በመኪናዋ ውስጥ ምግብ አያስቀምጡ፣ ቢያንስ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ያንቀሳቅሷት። የማይንቀሳቀስ መኪና ውስጥ ነው ጎጆ የሚሠሩት።

ለክረምቱ ከሰኔ በፊት የፊት መስተዋቱን ዙሪያ ጎማ ይመልከቱ። ከዚያ የሚገባው ውሃ በቀጥታ ዳሽቦርዱ ኋላና ፊውዞቹ ላይ ይወርዳል። ሸራ ሲያለብሱ አየር የሚገባበት ይሁን፤ ፕላስቲክ እርጥበቱን ውስጥ ያስቀረዋል።

ይህ ሁሉ ድካም ያዋጣል?

መኪናዋን ነገ ለመሸጥ ከሆነ ምናልባት አያዋጣም። ለማቆየት ከሆነ ግን ያዋጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ የጣለው ከፍተኛ ግብርና በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ የተላለፈው ውሳኔ አገር ውስጥ ያሉትን በእንክብካቤ የመያዝን ዋጋ ከፍ አድርገውታል። ለዓመታዊው ቦሎ በሚደረገው የቴክኒክ ምርመራም መብራት፣ ፍሬቻና ክላክስ ይታያሉ። እኔ ግን ከዚህም ሌላ ምክንያት አለኝ። እነዚህ መኪኖች በሰው እጅ ሊፈቱና ሊታሰሩ የተሠሩ ናቸው። አንድ ወጣት ኤሌክትሪክን ከእነሱ በተሻለ የሚማርበት ነገር አላውቅም፤ ሽቦው ሁሉ በዓይን ይታያል።

ባለሙያ እንዴት ልምረጥ?

ሥራውን ሲጀምር ምን እንደሚያነሣ ይመልከቱ። መጀመሪያ ቴስተርና ወረቀት ካነሣ ይተዉለት። መጀመሪያ መቁረጫ ካነሣ መኪናዎን ይዘው ይመለሱ።

ሁሉም ታስሮ አልቋል። ባትሪውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዴት ላያይዝ?

በቀጥታ አያያይዙ። ቁልፉና ማብሪያዎቹ በሙሉ ጠፍተው፣ በሮቹ ተዘግተው (የጣሪያ መብራት እንዳይበራ)፣ የቦዲውን ኬብል ከባትሪው ራስ ጋር ሳያገናኙ በመሃላቸው አንድ 12 ቮልት 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል በሁለት ሽቦ ያስገቡ። አምፖሉ ካልበራ ምንም የሚነካካ ነገር የለም። በደማቁ ከበራ የሆነ ቦታ ሽቦ ከቦዲ ጋር ተገናኝቷል፤ አምፖሉ ፍሰቱን ስለሚገድበው ግን ምንም አይቃጠልም። ፊውዞቹን አንድ በአንድ እያወጡ አምፖሉ የሚጠፋበትን ይፈልጉ፤ በየትኛውም ካልጠፋ ጥፋቱ ፊውዝ በሌለው ዋና መስመር ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ሰዓት ያላት መኪና ከሆነች ግን አስቀድመው ሰዓቱን ይንቀሉት፤ እሱ ብቻውን ፍሰት ሊወስድ ይችላል።

ከዚያ አምፖሉ እንዳለ ማብሪያዎቹን በየተራ ያብሩ። ፓርኪንግ ሲበራ አምፖሉ በደብዛዛው መብራቱ ጤናማ ነው። ብዙ ፍሰት ከሚወስዱት፣ እንደ ፊት መብራት ካሉት በቀር፣ አንዱን ሲያበሩ ድንገት በሙሉ ድምቀት ከበራ ጥፋቱ ያለው በዚያ መስመር ላይ ነው፤ ሌላውን አይንኩ፣ እሱን ብቻ ይፈልጉ። ሁሉም ካለፈ አምፖሉን አውጥተው ኬብሉን በቀጥታ ያስሩ፤ ቦዲ ላይ የታሰረው ራስ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚታሰር፣ መጀመሪያ የሚፈታ ነው። እሳት ማጥፊያ በእጅ ርቀት ይሁን፣ የመኪናዋ ኮፈንም ክፍት ይሁን። ሞተሩን ያስነሡ፣ ቀይዋ መብራት መጥፋቷን ይዩ፣ በባትሪው ራሶች ላይ ቴስተር አድርገው ሞተሩን ከፍ ያድርጉት። በ12 ቮልት መኪና 14 ቮልት አካባቢ ማንበብ አለበት። ከ15 ካለፈ የዲናሞው መቆጣጠሪያ እስኪስተካከል ድረስ አይንዷት፤ አለዚያ አዲሶቹን አምፖሎችና ባትሪውን ይጨርሳቸዋል።